ከሻንጣው በፊት
(በቀድሞ ተማሪዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ትናንት ማታ ከጁገል ስንመለስ ከውጭ የመጣ አንድ ጓደኛችን «ከየወዳጁ ቤት የተረፈ መድኃኒት እየሰበሰብኩ ነው፤ ድርቅ ለጎዳው ወገን ሁለት ሻንጣ አመጣለሁ» አለኝ። ደስ ብሎት ነው የነገረኝ፤ እኔ ግን ዝም አልኩ። መልሱን ዛሬ ልስጠው። ስሙን አልጠራም፣ እዚሁ መሀላችሁ ተቀምጧል።

እንደተመረቅኩ የተመደብኩት አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ ነበር። በድርቅ ጊዜ የእርዳታ ካርቶን መጣልን። ስንከፍተው ግማሹ የተጻፈው በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ሌላው የኮሌስትሮል መድኃኒት፤ በየመሀሉ ሰው ጀምሮ የተወው ብልቃጥ። እኛ የቸገረን ለተቅማጥ ኦ.አር.ኤስ.፣ ለሕፃናት አሞክሳሲሊን ነበር። በሽተኛ ውጭ ተሰልፎ እኛ ሦስት ቀን ካርቶን ስንለይ ዋልን። ያኔ በሰጪዎቹ ተናድጄ ነበር። ለካ እነሱም እንደ ጓደኛችን ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሳይጠይቁ ላኩ እንጂ።

የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. በ1989፣ በጦርነቱ መሀል፣ ኤርትራ ውስጥ ሰባት የጭነት መኪና ጊዜው ያለፈበት አስፒሪን ደርሶ አቃጥሎ ለመጨረስ ስድስት ወር ፈጀ። ጊዜው ያለፈበት 30,000 ጠርሙስ የአሚኖ አሲድ ፈሳሽ ደግሞ ከሽታው የተነሳ ሰው ባለበት አካባቢ መድፋት አልተቻለም። በቦስኒያ ጦርነት የማይረባው መድኃኒት ወደ 17,000 ቶን ተገምቷል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1996 መመሪያ ያወጣው እንዲህ ያለው ነገር ቢበዛ ነው። ተቀባዩ የሚያስፈልገውን ይናገር፤ መድኃኒቱ በአገሩ መሠረታዊ ዝርዝር ውስጥ ይኑር፤ ጽሑፉ የሚገባው ይሁን፤ ሲደርስ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቅረው። ለበሽተኛ ተሰጥቶ የተመለሰማ ጭራሽ አይላክም። ሙቀት ላይ ይሰንብት፣ ፀሐይ ይምታው ማን ያውቃል?

ጊደር መጋላ ስንወርድ እንኳ ቤት ውስጥ ምን እንደጎደለ ጠይቀን አይደል? ለበርበሬ የምናደርገውን ለመድኃኒት እንዴት እንተወዋለን!

ወንድሜ፣ ነገ ጠዋት ወደ ፋርማሲ መጋዘን አብረን እንሂድ። ያለቀባቸውን ከነመጠኑ ይንገሩህ፣ አንተም ጻፈው። እዚሁ አገር ከተገኘ ለትርፍ ሻንጣ የምትከፍለውን ገንዘብ ስጠንና እንግዛው። ካልተገኘ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣንን ፈቃድ አስቀድመን እንጠይቃለን። የሰበሰብከውን ግን እባክህ እዚያው ላሉ ፋርማሲስቶች አስረክብ፤ እነሱ ማስወገጃ አላቸው፣ እኛ ያለን ጉድጓድ ነው።