ይሉኝታና የእንፍራዙ ጸሐፊ



«ይሉኝታ» «ይሉኛል» ከሚለው ግሥ የወጣ ቃል ነው። ተሳቢው «እኔ» ነኝ፤ ባለቤቱ ግን ስም የሌለው «እነርሱ» ነው። ማን እንደሚለን ሳናውቅ የምንፈራው ለዚህ ይመስለኛል። ያም ሆኖ ቃሉን በጅምላ አላወግዝም። «ይሉኝታ ቢስ» ከከባድ ስድቦቻችን አንዱ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጉልበተኛውን በአደባባይ የሚገታው፣ ሰነፉን ለቀስተኛ ከቤቱ የሚያወጣው ይሉኝታ ነውና። ጥያቄው ወሰኑ የት ነው የሚለው ነው።

ዐፄ ሱስንዮስ ገነተ ኢየሱስን ያሠሩት፣ በኋላም የተቀበሩት እዚሁ አዘዞ ነው። የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበሉ ከመኳንንቱ ብዙዎች ተከተሏቸው፤ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላ በሰኔ 1624 ዓ.ም. ሕዝቡ ወደ ቀደመ ሃይማኖቱ እንዲመለስ ሲያውጁ ደግሞ አብረው ተመለሱ። የንጉሥ ፊት አይቶ የሄደ፣ የንጉሥ ፊት አይቶ ይመለሳል።

የዘርዐ ያዕቆብ «ሐተታ» የሚተርከው ስለዚሁ ዘመን ነው። (ድርሰቱን የጻፈው በ19ኛው ክፍለ ዘመን አገራችን የኖረው ጣሊያናዊ መነኩሴ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው የሚለውና ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ያስነሣው ክርክር ዛሬም አልበረደም፤ ለዛሬ ጉዳዬ ግን ሐሳቡ ይበቃኛል።) ተራኪው ፈረንጆቹም ግብጻውያኑም የሚሉትን ሳያዳላ ስላስተማረ ሁለቱም ወገኖች ጠሉት። ተከስሶ ሸሸ፤ ተከዜ አጠገብ በዋሻ ሁለት ዓመት ኖረ፤ ከዚያም እንፍራዝ ገብቶ መጻሕፍት እየጻፈ በእጁ ሥራ አደረ።

እዚያ ሲኖር በሰው ፊት እንደ ክርስቲያን ይታያል፤ በልቡ ያለውን አይገልጥም። አስመሳይ ነውን? ለመፍረድ አልቸኩልም። የባለጠጋው የሀብቱ አገልጋይ የነበረችውን ኂሩትን ሲያገባ ግን፣ ሚስቴ እንጂ ገረዴ አትሆንም፣ ባልና ሚስት እኩል ናቸው ብሎ ጸና። ነገሩ የራሱን ልብ ብቻ ሲመለከት ዝም አለ፤ የሌላ ሰው ክብር ሲነካ ግን ለልማድ አልታጠፈም። ወሰኑን ያገኘሁት እዚህ ላይ ነው።

ወደ እኛው የመመረቂያ ጽሑፍ ግምገማ ልምጣ። አማካሪው ባልንጀራችን ነው፤ ቤተሰብ አበባ ይዞ በር ላይ ቆሟል። በዚያ ሰዓት ደካማውን ጽሑፍ «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለን ስናሳልፍ ደግነት ይመስለናል። ዋጋውን የምትከፍለው ግን መረጃዋን ከቀበሌ ቀበሌ በእግሯ ዞራ የሰበሰበችውና እኩል ውጤት የተሰጣት ተማሪ ናት። ስለዚህ ገምጋሚዎች አስተያየታቸውንና ነጥባቸውን ከዕለቱ በፊት በጽሑፍ እንዲያስገቡ ሐሳብ አቀርባለሁ። ይህን የምትቃወሙ ባልደረቦቼ ካላችሁ፣ ሻይ ቤት ሳንደርስ እዚሁ ንገሩኝ፤ ጥያቄም እቀበላለሁ።