ገጠርና ከተማ

ዛሬ ስለ ገጠርና ከተማ እንጨዋወት።

ገበሬው ማሩን በአህያ ጭኖ ሰቆጣ ይገባል። ወፍጮ አለ፣ መብራት አለ፣ ሱቅ አለ። ይህንን ልዩነት ዓይን ያየዋል። ሌላም አለ። በገጠር ብድሩም ውሉም ሽማግሌ ፊት በቃል ያልቃል። ቃልም ይከበራል፤ በዚህስ ከተማው ከገጠሩ ቢማር ይሻለው ነበር። በከተማ ግን ሁሉም ነገር በወረቀት ነው። የጤና ጣቢያው ካርድ፣ የፍርድ ቤቱ ቀጠሮ፣ ሁሉም ወረቀት! ማንበብ የማይችል ሰው ቀጠሮው ያልፍበታል፤ በገዛ መሬቱም ሊፈረድበት ይችላል።

የቋንቋም ነገር አለ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች ደርሶ ነበር። ኽምጣና ግን አልነበረበትም። በኽምጣና ብቻ የምትናገር የዋግ እናት ፊደሉንም አማርኛውንም አንድ ላይ መማር ነበረባት። ድርብ ሸክም ነው!

ዛሬ ኽምጣና በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይሰጣል። እናቶች፣ አባቶች፣ ማታ ልጃችሁ ደብተሩን ሲዘረጋ አጠገቡ ተቀመጡ። «ይቺ ፊደል ማን ናት?» በሉት። ስማችሁን ይጻፍላችሁ፤ እናንተም ከሥሩ ጻፉ። ቁጥሩንም ያሳያችሁ። ከዚያ ከተማ ወርዳችሁ ወረቀት ሲሰጧችሁ፣ ጣታችሁን ቀለም ከመንከራችሁ በፊት ስማችሁንና ቀኑን ፈልጉ። ካላገኛችሁት «ይነበብልኝ» በሉ።