የእንግሊዝ የእሽቅድምድም መኪና ታሪክና ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመካኒክ ክበብ አባሎች ስም የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው በዓል የመናገር ተራ ለክበባችን በደረሰው ጊዜ፣ ከሞተር ጋራ የሚውል ሰው ከሞተር በቀር ምን ያወራል ብለን፣ ስለ አንድ የእሽቅድምድም መኪና ልንነግራችሁ ወደድን። ነገሩ የተፈጸመው በእንግሊዝ አገር ነው፤ የምንጠራውም ዓመት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። ነገር ግን አብሮ ለመሥራት ገንዘብ ያዋጣ ሰው ሁሉ ሊሰማው የሚገባ ታሪክ ስለ ሆነ፣ ጥቂት ደቂቃ እንድትታገሡን እንለምናለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት፣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በታላላቆቹ እሽቅድምድሞች የበላይነትን የያዙት መርሴዲስና አውቶ ዩኒየን የሚባሉት የጀርመን ቡድኖች ነበሩ። መንግሥታቸውም በገንዘብ ይደግፋቸው ነበር። ሬይመንድ ሜይስ የሚባል እንግሊዛዊ ነጂ ይህን እያየ ይቆጭ ነበርና፣ ጦርነቱ በተፈጸመበት በ1945 ዓ.ም. ለአገሩ የፋብሪካ አለቆች ደብዳቤ ጻፈ። አሳቡም እያንዳንዱ ፋብሪካ የሚችለውን ቢያዋጣ፣ አንዱ ገንዘብ፣ አንዱ የተሠራ ዕቃ፣ አንዱ የባለሙያ ጉልበት ቢሰጥ፣ የአገር ስም የሚጠራበት መኪና ይሠራል የሚል ነበር። ከ100 የሚበልጡ ኩባንያዎች እሺ አሉ። ሜይስም ከባልደረባው ከፒተር በርተን ጋራ ሆኖ ቦርን በምትባል ትንሽ ከተማ ሥራውን ጀመረ። መኪናዪቱም ቢ አር ኤም ተባለች፤ የብሪታንያ የእሽቅድምድም ሞተሮች ማለት ነው።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ሆኖም ድሩን የሚገምድ አንድ እጅ ከሌለ አንበሳው አይታሰርም። ለመኪናዪቱ የታሰበው ሞተር 16 ሲሊንደር ነበረው። የሁሉም ይዞታ ተደምሮ አንድ ሊትር ተኩል ብቻ ስለ ሆነ፣ የእያንዳንዱ ፒስተን ስፋት 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። በደቂቃ እስከ 12,000 ጊዜ እንዲዞርና ከ500 የፈረስ ጉልበት በላይ እንዲሰጥ ተብሎ የታቀደ ነው። አየር በኀይል የሚገፋለትን መሣሪያ ሮልስ ሮይስ ሠራው። እንግዲህ ይህን የመሰለ ረቂቅ ሞተር የሚሠራው እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ሥራ ጨርሶ ጊዜ ባገኘ ቁጥር በሚልከው ዕቃ ነበር። በነጻ የሚሰጥን ሰው ደግሞ ቶሎ በል ብሎ መቈጣት አይቻልም። ጉዳዩን የሚመክርበት ኮሚቴ እንጂ የሚቈርጠው አንድ ሰው አልነበረም።

በዚህ መካከል ሕዝቡም ጋዜጣውም መኪናችን የት አለች ማለት ጀመረ። በታኅሣሥ ወር 1949 ዓ.ም. ለጋዜጠኞች ታየች፤ ምስጋናውም ከሥራው ቀድሞ ሄደ። በነሐሴ 26 ቀን 1950 ዓ.ም. በሲልቨርስቶን ለመጀመሪያ ጊዜ ለውድድር ቀረበች። ነጂው ፈረንሳዊው ሬይመንድ ሶመር ነበር። የመነሻው ባንዲራ በወረደ ጊዜ ሌሎቹ መኪናዎች በረሩ፤ እርስዋ ግን ገና ንቅንቅ ስትል ኀይሉን ወደ ጎማ የሚያስተላልፈው ክፍል ተሰበረና እዚያው ቆመች። ከተመልካቹም አንዳንዱ ሳንቲም ወረወረባት ይባላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው ይህ ነው።

ከአንድ ወር በኋላ ሬግ ፓርኔል በጉድውድ ሁለት አጫጭር ውድድሮች አሸነፈባት። በሐምሌ 1951 ዓ.ም. ደግሞ በሲልቨርስቶን በታላቁ ውድድር ሁለት ቢ አር ኤሞች 5ኛና 7ኛ ወጡ፤ ነጂዎቹም በጢስ ማውጫው ሙቀት እግራቸው ተቃጥሎ እንደዚያው እየነዱ ጨረሱ። በዚያ ቀን ያሸነፈው ግን አሠራሩ ከእርስዋ የቀለለው የጣሊያን ፌራሪ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና በትንንሽ ሞተር እንዲደረግ ደንቡ ስለ ተለወጠ፣ ያ ሁሉ የተደከመበት ሞተር ከታላቁ ውድድር ውጭ ሆነ። በዚያው ዓመት ኮሚቴው ተበትኖ ቡድኑን አልፍሬድ ኦወን የሚባለው ባለ ፋብሪካ ገዛው።

ከአዋጪዎቹ መካከል ቶኒ ቫንደርቬል የሚባል የሞተር ኩሽኔታ ፋብሪካ ባለቤት ነበር። ስብሰባው ስለ ሰለቸው ተለይቶ ወጣና ራሱን አለቃ አድርጎ ቫንዎል የሚባል መኪና ሠራ። ይህ ሰው ከሌላው መማርን አላፈረበትም። አስቀድሞ ፌራሪ ገዝቶ በሥራ ላይ አጠናው፤ ለሞተሩም ከኖርተን ሞተር ብስክሌት አሠራር ትምህርት ወሰደ። በሐምሌ 1957 ዓ.ም. በኤይንትሪ ቶኒ ብሩክስና ስተርሊንግ ሞስ አንዱን ቫንዎል እየተቀባበሉ ነድተው አሸነፉ። በ1958 ዓ.ም. የመኪና ሠሪዎች የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ የወሰደው ቫንዎል ነው። ዳሩ ግን በዚያው ዓመት መጨረሻ በካዛብላንካ በተደረገው ውድድር የቡድኑ ነጂ ስቱዋርት ሉዊስ ኤቫንስ በእሳት ተቃጥሎ ከጥቂት ቀናት በኋላ ሞተ። ቫንደርቬልም ኀዘኑና የጤናው መታወክ ተጨምሮበት በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ ቡድኑን ከሙሉ ውድድር አወጣ። የሰው ሕይወት ከዋንጫ በላይ መሆኑን ስለ ፍጥነት የሚናገር ሁሉ አይርሳ።

ቢ አር ኤምስ? በ1959 ዓ.ም. በሆላንድ በዮ ቦኒየር ነጂነት የመጀመሪያውን ታላቅ ድል አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አላሸነፈም። ኦወን ለ1962 ዓ.ም. ካላሸነፋችሁ ቡድኑ ይዘጋል ብሎ አስጠነቀቀ፤ የመኪናውንም ሥራ ቶኒ ራድ የሚባል መሐንዲስ በኀላፊነት ያዘው። ራድ አስቀድሞ ከሮልስ ሮይስ ስለ ሞተሩ የመጣና በዚያው የቀረ ሰው ነበር። በዚያ ዓመት ግራሃም ሂል በሆላንድ፣ በጀርመንና በጣሊያን አሸነፈ። በታኅሣሥ 29 ቀን በደቡብ አፍሪካ በኢስት ለንደን የመጨረሻው ውድድር ሲደረግ ጂም ክላርክ በሎተስ ይመራ ነበር፤ ነገር ግን ከመኪናው አንዲት ትንሽ ቡሎን ወልቃ ዘይቱ ፈሰሰና ቆመ። ሂልም አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፤ ቢ አር ኤምም የሠሪዎቹን ሻምፒዮና ወሰደ። ደብዳቤው ከተጻፈ 17 ዓመት ሆኖት ነበር። ዛሬ ከፎርሙላ ዋን ቡድኖች አብዛኞቹ ሥራቸውን የሚሠሩት በእንግሊዝ አገር ነው።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ተምረናል። መዋጮ ሥራን ያስጀምራል፤ የሚያስፈጽመው ግን ኀላፊነቱን የተሸከመ አንድ ሰው ነው። ያልተፈተነ ሥራ ለጭብጨባ መውጣት የለበትም። ደግሞም ከኀፍረት በኋላ ሥራውን ያልተወ ሰው ካሰበበት ይደርሳል።

ይህን የምንለው በከንቱ አይደለም። ክበባችን ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት ሞተር ለትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ የውኃ ፓምፕ እየሠራ መሆኑን ታውቃላችሁ። በዛሬው መርሐ ግብር ላይ ፓምፑ በፊታችሁ እንደሚነሣ ተጽፏል፤ የቀረውም የወላጆች መዋጮ ከዚህ በኋላ እንደሚሰጥ ተነግሯል። ሞተሩ ዛሬ ይነሣል፤ ዐሥር ደቂቃም ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ ግን ከልክ በላይ ይግላል። ዐሥሩን ደቂቃ አሳይተን ጭብጨባችሁን መቀበል እንችል ነበር። እኛ ግን እንዳይነሣ ወስነናል። በምትኩ ክዳኑ ተከፍቶ በሥራ ቤቱ ተቀምጧልና፣ ገብታችሁ እንድትመለከቱና የሚጋልበትን ምክንያት ከእኛ ጋራ እንድትመረምሩ እንጋብዛችኋለን። ከወላጆቻችን መካከል ጋራዥ የሚሠሩ እንዳሉ እናውቃለን።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ሥራውን ከሦስት ኮሚቴ ይልቅ አንድ መምህር በኀላፊነት ይምራልን። ሁለተኛ፣ የቀረው መዋጮ በዛሬው ትርኢት ሳይሆን በሰኔ በሚደረገው ፈተና ይወሰን። ያን ቀን ፓምፑ ከጧት እስከ ቀትር ሳያቋርጥ ውኃ ካላወጣ ገንዘቡን አትስጡን።