ስለ ቢምቢ አንቴና
(ወደ ዘጌ ከመጓዛችን በፊት ለባዮሎጂ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



ነገ በጀልባ ተሻግረን ዘጌ ስንደርስ የሁላችሁም ዓይን በቡናው ደንና በኡራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎች ላይ እንደሚያርፍ ዐውቃለሁ። እኔ ግን ማታ በጆሯችን ሥር ስለምታዜመው ቢምቢ ጥቂት ልናገር። ነገሩን ቀላል አድርጋችሁ አትዩት፤ በ1958 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጠራለሁ) በአገራችን በተነሣው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው እንዳለቀ ተገምቷል።

በኢትዮጵያ ዋነኛዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌሌስ አራቢየንሲስ ናት። ይህች ቢምቢ እኅቶች አሏት። ከነሱም አንዷ በ1998 በኢትዮጵያ መገኘቷ የተገለጸው፣ በ2013ም አኖፌሌስ አምሃሪከስ የተባለችው ናት። ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው በዓይን መለየት አይቻልም። ጠባያቸው ግን ይለያያል፤ አራቢየንሲስ የሰውንም የከብትንም ደም ስትመጥ፣ አምሃሪከስ ከብት መራጭ ናት፤ በወባ አስተላላፊነትም አትታወቅም። ታዲያ አንዷን ወደ ሰው፣ ሌላዋን ወደ በሬ የሚመራት ምንድን ነው?

የመልሱ አንዱ ክፍል ያለው በአንቴናዋ ላይ ነው። በአንቴናው ሥር ድምፅና ንዝረት የሚቀበል ክብ እብጠት አለ፤ ከዚያ በላይ 13 አንጓ ያለው ዘንግ ይቀጥላል። በዘንጉ ላይ ልዩ ልዩ ጠጉሮች በቅለዋል፤ ቀጫጭኖቹ ሽታ ይቀበላሉ፤ አጫጭር ችንካር የመሰሉት እንደ አሞኒያ ያለውን የላብ ጠረን ይለያሉ፤ በጉድጓድ ውስጥ የተተከሉም አሉ። የትንፋሻችንን ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምታውቀው ግን በአንቴናዋ ሳይሆን በአፏ አጠገብ ባሉት ሁለት ዘንጎች ነው።

በተራው ማይክሮስኮፕ አንጓውን እንቆጥራለን፤ የጠጉሩን ዓይነት አጥርቶ ለማየት ግን የኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያስፈልጋል። በ2006 በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርስቲ ተመራማሪዎች ሰው መራጯን አኖፌሌስ ጋምቢየንና ከብት መራጯን አኖፌሌስ ኳድሪያኑላተስን በዚህ መሣሪያ አነጻጸሩ። የሁለቱ ጠጉሮች በዓይነታቸው አንድ ሆነው ተገኙ፤ ልዩነት የታየው በመጠንና በብዛት ነው።

ከዚህ ምን እንማራለን? ጠጉሩ በር ነው፤ በውስጡ ያለው ሽታ ተቀባይ ፕሮቲን ደግሞ ዘበኛ ነው። ማይክሮስኮፕ በሩን እንጂ ዘበኛውን አያሳየንም። ስለዚህ የሁለት ቢምቢዎችን ጠጉር ቆጥሮ «ምስጢሩን አገኘሁ» ማለት ችኮላ ነው። ግዙፏ ቢምቢ አንቴናዋ ስለሚረዝም ብቻ ጠጉሯ ሊበዛ ይችላል። ብዙ ቢምቢዎችን መቁጠር፣ የአካላቸውን መጠን መመዝገብ፣ ዘራቸውንም በዘረ መል ምርመራ ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ዘጌን የመረጥሁትም ያለ ምክንያት አይደለም። የቆየው የገዳሙ ሥርዓት በበሬ ማረስንና ከብት ማርባትን ሲከለክል ኖሯል። እንግዲህ በረት በሌለበት ደን ውስጥ የሰውንም የከብትንም ደም የምትመጥ ቢምቢ ወዴት ትዞራለች? ይህን አንቴና ብቻውን አይመልስልንም፤ በሆዷ የተገኘው ደም የማን እንደሆነ መመርመር አለበት።

ስለዚህ ነገ እያንዳንዳችሁ ደረቅ ብልቃጥ ያዙ፤ የያዛችሁበትን ቦታና ሰዓት በላዩ ጻፉ። ምልክት የሌለው ቢምቢ ለሳይንስ ከትቢያ አይሻልም። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ነገር ግን ጠላቱን ከእኅቱ መለየት ያልቻለ ሰው መድኃኒቱን በከንቱ ይረጫል።