የማስነሻው ኮድ ለምን ሁለት ጊዜ ይጻፍ?



ከርነል ሲነሣ የመጀመሪያው ኮዱ ቢሳሳት፣ ስሕተቱን ጽፎ የሚያሳየን ክፍል ገና አልነቃም። ይህንኑ ኮድ በሁለት ቅጂ ማኖር ደግሞ አደጋውን ያብሳል፤ በአንዱ የታረመው በሌላው ሳይታረም ይቀራልና።

ሊኑክስ ለ32 ቢትና ለ64 ቢት የኤክስ86 ማሽኖች ሁለት ፎልደር ነበረው። ቶማስ ግላይክስነርና ኢንጎ ሞልናር አዋሐዷቸው፤ ሥራውም እ.ኤ.አ. በጥር 2008 በእትም 2.6.24 ወጣ። ብልሃታቸው አለመቸኰል ነው፤ አስቀድመው ፋይሎቹን «32» እና «64» የሚል ቅጥያ ሰጥተው ጎን ለጎን አኖሩ፤ የሚመሳሰለውን ኋላ ቀስ በቀስ አጋጠሙ።

እኛም ለሁለት ዓይነት ማሽን የጀመርናትን ትንሽ ከርነል በዚሁ መንገድ እንድንቀጥል እንጠይቃለን። ፕሮሰሰሩን የሚያነቁት የአሴምብሊ መስመሮች ለየብቻ ይቆዩ፤ ሊኑክስም ዛሬ ድረስ ለይቶ ይጽፋቸዋል። ሚሞሪውን ከመለካት ጀምሮ ያለው ግን አንድ ይሁን፤ ቅጂዎቹ ሳይራራቁ ሥራው በዚህ ወር ይጀመር።