ንፋስ መሙያ ስትገዙ

ሌሊት ወደ ደብረ ብርሃን ስትጓዙ ጎማ ቢተነፍስባችሁ ጎሚስታ ከየት ይመጣል? በባትሪ የሚሠራ የእጅ ንፋስ መሙያ የሚደርሰው እዚህ ላይ ነው።

ሻጩ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን የግፊት ልክ፣ "150 ፒኤስአይ" ነው። እሱ አያማልላችሁ። የቤት መኪና ጎማ የሚፈልገው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 35 ነው፤ ትክክለኛው ልክ ብዙ ጊዜ በሹፌሩ በር መቃን ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። እናንተ መጠየቅ ያለባችሁ በደቂቃ ስንት ሊትር አየር እንደሚገፋ ነው። ይህ ቁጥር ካነሰ መንገድ ዳር ቆማችሁ ትጠብቃላችሁ።

ባትሪውንም በአምፔር ሰዓት ብቻ አትመዝኑት፤ በቮልት አባዙት። 2 አምፔር ሰዓት በ7.4 ቮልት 14.8 ዋት ሰዓት ነው፤ በ11.1 ቮልት ግን 22.2 ይሆናል። ልዩነቱ ሁለተኛው ጎማ ላይ ይታያል።

ለሞተር ሳይክል ደግሞ ቱቦውን እዩ። ቫልቩ በቸርኬው ሽቦና በፍሬን ዲስኩ መሃል ስለሚሸጎጥ ወፍራም አፍ አይገባም፤ ቀጭንና በጠመዝማዛ የሚታሰር ይሁን። ሞልታችሁ ስትፈቱት ጨርቅ ያዙ፣ የብረት አፉ እጅ ያቃጥላል።

የፈለጋችሁት ልክ ላይ ሲደርስ በራሱ የሚቆመውን ምረጡ። በገዛችሁ ቀንም፣ ጎማው ሳይግል፣ የመሙያውን ንባብ ከጎሚስታው ጌጅ ጋር አመሳክሩት።