የአገሩ ሰው ማን ነው? ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ከወጣች በኋላ የሚካሄደው የፍልሰትና የብሔራዊ ማንነት ክርክር



የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን በቅድሚያ ላሳስብ። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ድንበሯን ራሷ እንድትቆጣጠር ከአውሮፓ ኅብረት የወጣች አገር፣ ቁጥጥሩ በእጇ ከገባ በኋላ ስለ ፍልሰት የምታካሂደው ክርክር ከመብረድ ይልቅ ስለ ምን ጋለ?

ጁን 23 ቀን 2016 በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ 51.9 በመቶ የሚሆነው ድምፅ ሰጪ መውጣትን መረጠ። ከሁሉም በላይ ከፍተኛውን የመውጣት ድምፅ፣ 75.6 በመቶ፣ ያስመዘገበችው በሊንከንሻየር የምትገኘው ቦስተን ናት። ቦስተን በአትክልት እርሻ የተከበበች አነስተኛ ከተማ ስትሆን፣ ፖላንድና ሊቱዌኒያን የመሰሉ አገሮች በ2004 ኅብረቱን ከተቀላቀሉ በኋላ በማሳዎቿና በማሸጊያ ፋብሪካዎቿ ለመሥራት የመጡ ሰዎች ገጽታዋን በጥቂት ዓመታት ለውጠውታል። በአንጻሩ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ሰዎች ለአሥርተ ዓመታት አብረው የኖሩባት የለንደኗ ላምቤዝ ከ78 በመቶ በላይ በሆነ ድምፅ በኅብረቱ መቆየትን መረጠች። እርግጥ ነው፣ የላምቤዝ ነዋሪ በአማካይ ወጣትና ብዙ የተማረ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን ሁሉ በፍልሰት ብቻ ማብራራት አይቻልም። ያም ሆኖ ሰውን የሚያስደነግጠው የመጤው ብዛት ብቻ ነው ለሚል ሰው ይህ ንጽጽር አይመቸውም። የለውጡ ፍጥነትም የራሱ ክብደት አለው።

በ2021 መባቻ የነጻ ዝውውር መብት አብቅቶ በነጥብ ላይ የተመሠረተው የቪዛ ሥርዓት ተተካ። ውጤቱ ግን መራጩ ከጠበቀው ተቃራኒ ሆነ። ሕዝበ ውሳኔው በተካሄደበት ወቅት በዓመት ከ300 ሺህ በላይ ነው ተብሎ የተገመተው የተጣራ ፍልሰት፣ ማለትም በገቢና በወጪ መካከል ያለው ልዩነት፣ በ2023 አጋማሽ ላይ በአሥራ ሁለት ወር ከ900 ሺህ አለፈ። ከአውሮፓ የሚመጣው ሲቀንስ ከሕንድና ከናይጄሪያ የሚመጣው ጨመረ። አረጋውያንን የሚንከባከብ ሰው ስለ ጠፋ ከፌብሩዋሪ 2022 ጀምሮ ለእንክብካቤ ሠራተኞች ቪዛ ተፈቀደ፤ ዩኒቨርሲቲዎች የውጭ ተማሪዎች በሚከፍሉት ገንዘብ ላይ ተደግፈው ነበር፤ ለዩክሬንና ለሆንግ ኮንግ ሰዎችም ልዩ በር ተከፈተ። እነዚህ ሁሉ የብራስልስ ሳይሆኑ የለንደን ውሳኔዎች ናቸው። ሰበብ የሚሆን ሌላ አካል አልነበረም። በእኔ አመለካከት ክርክሩ የጋለው በዚህ ምክንያት ነው፤ «ስንት ሰው ይግባ?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ሲያጣ «እኛ ማን ነን?» የሚለው ከሥሩ ወጣ።

ይህ ጥያቄ ግን ከአውሮፓ ኅብረትም የቀደመ ነው። በ1948 ዊንድረሽ በተባለችው መርከብ ከካሪቢያን የመጡት ሰዎች በዚያው ዓመት በወጣው ሕግ ከለንደን ነዋሪ ጋር እኩል ዜጎች ነበሩ። የ1971ዱ የኢሚግሬሽን ሕግም ቀድመው የሰፈሩትን የመኖር መብት አልነካም፤ ይህን የሚያረጋግጥ ወረቀት ግን አልሰጣቸውም። ቴሬዛ ሜይ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሳሉ ሕገ ወጥ ለተባሉ ስደተኞች «ጠላታዊ ድባብ» እንደሚፈጥሩ በ2012 አስታወቁ። ከዚያ ወዲህ አሠሪው፣ አከራዩና ሆስፒታሉ ወረቀት ጠያቂ ሆኑ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ግብር የከፈሉ አረጋውያን ሥራና ቤት አጡ፤ የታሰሩና ከአገር የተባረሩም ነበሩ። ጉዳዩ በ2018 ሲጋለጥ ሚኒስትሯ አምበር ረድ ሥልጣናቸውን ለቀቁ።

አሁን ደግሞ የአውሮፓውያኑን ዕጣ እንመልከት። ከድምፅ መስጫው ቀን በፊት የመውጣት ዘመቻ መሪዎች በሕጋዊ መንገድ ለሚኖሩ አውሮፓውያን ምንም እንደማይለወጥና ቋሚ መኖሪያ በቀጥታ እንደሚሰጣቸው በጽሑፍ ቃል ገብተው ነበር። የተደረገው ግን ሌላ ነው፤ እያንዳንዱ ሰው እስከ ጁን 30 ቀን 2021 እንዲያመለክት ተጠየቀ። ትናንት ፈቃድ የማያስፈልገው ጎረቤት በአንድ ቀን ፈቃድ ጠያቂ ሆነ። የካሪቢያኑ አረጋዊና የፖላንዱ የእርሻ ሠራተኛ በቀለምም በታሪክም አይገናኙም፤ ያገናኛቸው ባለበት የቆመን ሰው መጤ የሚያደርገው ሕግ ነው።

ስለ ብዝኃ ባህል ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጊዜ የተሳሳተ ስዕል ይሰጠዋልና። ካናዳ በ1988 ራሱን የቻለ የብዝኃ ባህል ሕግ ስታወጣ ብሪታንያ እንዲህ ያለ ሕግ ኖሯት አያውቅም። የነበራት በየጊዜው የተደረገ ስምምነት ነው። በ1976 ፓርላማው ጥምጥም የሚያደርጉ ሲኮች ሞተር ብስክሌት ሲነዱ የራስ መከላከያ ቆብ ከማድረግ ግዴታ ነጻ እንዲሆኑ ወሰነ። ዴቪድ ካሜሮን በ2011 ሙኒክ ላይ የመንግሥት ብዝኃ ባህል ከሽፏል ብለው ሲያውጁ ያንን ሕግ የሻረው አልነበረም። አዋጁ ለአደባባይ ነው፤ ኑሮው በስምምነቱ ቀጠለ።

ብሪታንያዊነትና እንግሊዛዊነትም አንድ አይደሉም። ስኮትላንድ 62 በመቶ በሆነ ድምፅ በኅብረቱ መቆየትን መርጣ ሳለ ከእንግሊዝ ጋር ወጣች። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ሳውዝሃምፕተን የተወለዱት የቀድሞው ጠቅላይ ሚኒስትር ሪሺ ሱናክ እንግሊዛዊ ናቸው ወይስ አይደሉም የሚል ሙግት በአደባባይ ተካሄደ። ለንደን የተወለዱት የቀድሞዋ የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ሱዌላ ብራቨርማንም ራሳቸውን ብሪታንያዊት እንጂ እንግሊዛዊት እንደማይሉ ጻፉ። የአገር መሪ ለመሆን የበቃ ሰው የአገሩ ልጅ ለመሆን ያልበቃበት ሙግት ነው።

በሜይ 2025 ጠቅላይ ሚኒስትር ኪር ስታርመር አዲስ የፍልሰት ፖሊሲ ሲያቀርቡ፣ አገሪቱ የ«ስትሬንጀርስ» ደሴት እንዳትሆን ያሰጋል አሉ። ቃሉን ወደ አማርኛ ስንመልስ ችግሩ ወለል ብሎ ይታያል። «እንግዳ» ብንለው ቡና የሚፈላለት፣ ከወንበሩ የሚነሱለት ሰው ነው። «ባዕድ» ብንለው ዝምድና የሌለው ነው። «መጤ» ብንለው ስድብ ነው። ስታርመር እርስ በርስ የማይተዋወቁ ሰዎች ማለታቸው ይሆናል። ብዙ ሰሚዎች ግን የሰሙት ባዕዳንን ነው፤ ኢኖክ ፖዌል በ1968 በበርሚንግሃም ያደረጉትን ንግግርም አስታወሳቸው። ስታርመር ከሳምንታት በኋላ በቃሉ መጸጸታቸውን ተናገሩ፤ ፖሊሲው ግን አልተነሳም።

ቋሚ መኖሪያ ለማግኘት የሚያስፈልገውን አምስት ዓመት ወደ አሥር የማሳደግ ሐሳብ የያዘው ይህ ፖሊሲ ነው። በኖቬምበር 2025 ዝርዝሩን ያቀረቡት፣ ወላጆቻቸው ከፓኪስታን የመጡትና በዚያችው በበርሚንግሃም የተወለዱት ሚኒስትር ሻባና ማሕሙድ ናቸው። በዝርዝሩ መሠረት ዝቅተኛ ክህሎት ይጠይቃሉ በተባሉ ሥራዎች የመጡ ሰዎች 15 ዓመት ይጠብቃሉ፤ ለውጡም አስቀድመው በገቡት ላይ እንዲሠራ ታስቧል። በ2022 ተጠርታ የመጣች፣ የብሪታንያን አረጋውያን የምታጥብና የምታጎርስ ተንከባካቢ ቋሚ መኖሪያ አገኛለሁ ብላ የቆጠረችው ዓመት 2027 ነበር። በቀረበው ሐሳብ መሠረት 2037 ይሆናል። እስከዚያ ልጆቿ በብሪታንያ ትምህርት ቤት ጨርሰው ይወጣሉ።